ማዕበል ጋልቦ ለሞተ ሰው ድንኳን ይጣላል ወይ?

በእኛ በወሎ ሰዎች የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ከሐይቅ ከተማ እንደሚጽፍ በመጀመሪያው መስመር አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ክስ ነው። ማርሲዮ ፍሬሬ የሚባል ብራዚላዊ ታኅሣሥ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ገና ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በፖርቱጋል ናዛሬ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል ሲጋልብ ወድቆ መሞቱን አንብቧል። ሟቹ የ47 ዓመት ሰው ነበር። በየአገሩ ያሉ ማዕበል ጋላቢዎች አለቀሱለት፣ ጀግና አሉት። ጠያቂያችን በዚህ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቷል። ለሌላ ሟች ጓደኛቸው የተሰበሰቡ ሰዎች ሰሌዳቸው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ በእጃቸው እየቀዘፉ ባሕር ይገባሉ፤ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ አበባ ይበትናሉ፤ በመጨረሻም ውኃውን በመዳፋቸው እየመቱ ወደ ላይ ይረጩታል፣ ይጮኻሉም። ጠያቂው ይህ ለቅሶ ሳይሆን ጥምቀት ነው ባይ ነው። በገዛ ፈቃዱ ከሞት ጋር የተጫወተ ሰው ለቅሶ እንደማይገባው፣ አልቃሾቹም ነገ ተመልሰው እዚያው ማዕበል ላይ ስለሚወጡ እንባቸው እንደማይታመን አስረግጦ ጻፈ። ከዚያም ጥያቄውን ወደ እኛ ወረወረው፤ የቅሬያችን (የእድራችን) አባል እንዲህ ቢሞት ድንኳን እንጥልለት ነበር ወይ?

የመድረካችን ሰው ስለ ባሕር ብዙ አይጽፍም። የሰኞ ገበያ ዋጋ፣ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ፣ የዘመድ ማፈላለግ፣ አልፎ አልፎም የፖለቲካ ጠብ ነው የሚበዛው። ይህ ክር ግን 43 መልስ አስከትሏል። ሁሉንም አልተርክም፤ መላሾቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። አንዳንዱ ነፍስ ይማር ብቻ ነው፤ ሁለቱን ደግሞ የመድረኩ ጠባቂ ስለ ስድባቸው አንሥቷቸዋል።

ቁጥር 1 ጨዋ ነው። ከሁሉ በፊት የሟቹን ነፍስ ይማር ብሎ፣ ጠያቂውንም አመስግኖ፣ ሥራውን በማናውቀው ሰው ላይ ፍርድ እንዳንቸኩል ለመነ። ቁጥር 2 ልመና አላስፈለገውም፤ እርማቱን ይዞ መጣ። ፍሬሬ ወጣ ሲል ማዕበል የነጠቀው ጀማሪ እንዳልሆነ ዘረዘረ። በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ጠረፍ ጆስ የሚባል ትልቅ ማዕበል አለ። ሌሎች ጄት ስኪ በሚባለው የውኃ ሞተር እየተጎተቱ ሲገቡበት፣ በክንዳቸው ብቻ ቀዝፈው ከገቡት ሦስት ብራዚላውያን አንዱ እርሱ ነበር፤ በዚህም እብድ ውሾች የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ናዛሬ ላይ ግን በጄት ስኪ ተጎትቶ መግባትን ሲለማመድ ነው የወደቀው። ነፍስ አድን ሠራተኞች ከውኃው አውጥተው አሸዋው ላይ ልቡን ሊያስነሡ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። በዚያ ጠረፍ ማዕበል ሲጋልብ ሕይወቱ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ መሆኑ ተዘግቧል። ቁጥር 2 ሲያበቃ፣ ይህን ያህል ዓመት አንድ ሥራ ላይ የኖረን ሰው ተጫዋች ብሎ ማለፍ ስንፍና መሆኑን ጨመረበት። ስንፍና የምትለዋ ቃል በኋላ ብዙ አስከፍላዋለች።

ቁጥር 3 በአንድ መስመር ቀለደ፤ የሐይቅ ሰው ውኃው ጉልበቱን ሲያልፍ ጸሎት እንደሚጀምር። ሐይቅ የተወለዱት አልሳቁም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ቁጥር 4 ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው መሆኑን ይናገራል። የናዛሬ ማዕበል ለምን እንደሚገዝፍ አስረዳ። ከከተማዋ ፊት ለፊት በውቅያኖሱ ወለል ላይ የተቀደደ ሸለቆ አለ፤ ሩቅ ባሕር ላይ ጥልቀቱ ወደ 5000 ሜትር ይደርሳል፣ አፉም እስከ ጠረፉ ይጠጋል። በበረዶው ወራት ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነፋስ የቀሰቀሰው ሞገድ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲመጣ ለሁለት ይከፈላል። በሸለቆው ላይ የሚመጣው ከበታቹ ጥልቅ ውኃ ስላለ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ከሸለቆው ውጭ የሚመጣው ግን ወለሉ እየያዘው ይዘገያል። ሁለቱ ፕራያ ዶ ኖርቴ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ ሲገናኙ አንዱ በአንዱ ላይ ይቆለላል። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ስቶይድትነር እ.ኤ.አ. በ2020 እዚያው የጋለበው ማዕበል ቁመቱ 26.21 ሜትር ሆኖ በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዝግቧል። መምህሩ ይህን ጽፈው ሲያበቁ ስለ ለቅሶው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ዓይነት መልስ ደስ ይለኛል፤ የተጠየቀውን ባይመልስም የሚጠየቀውን ነገር ያሳያል።

ቁጥር 5 የሐይቅ ውኃ እንዲህ ሊነሣ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 6 የሐይቅ ልጅ ናት። እንደማይችል፣ ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነ መለሰችና ወደ ራሷ ጉዳይ ገባች። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ፣ ከአርዲቦ በሚወርደው የአንከርካ ወንዝ እንደሚመገብ፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን እንደሌለው ጻፈች። ቀጥላ አያቶቿ የነገሯትን አፈ ታሪክ አመጣች። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነቤተ ሰቧ ሰጠመች። ያቺ መሬት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑባት ናት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት እዚያ ነው። እንደ እርሷ አባባል፣ የሐይቅ ሰው ውኃን የሚፈራው ዋና ስለማያውቅ አይደለም፤ ውኃው የመጣው በቁጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ይህ ለቁጥር 3 የተላከ ነበር፤ ቁጥር 3 ተመልሶ አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። ቁጥር 7 ይህ ሞት ራስን ከማጥፋት ይለያል ብሎ የሚከራከረውን ሁሉ አስቀድሞ ሰደበ፤ እንዲህ ለሞተ ፍትሐት እንደማይደረግ፣ ቤተ ክርስቲያንም በር እንደማትከፍትለት ፈረደ። ቁጥር 8 ከላስታ የሚጽፍ፣ አቋቋም ያየ ሰው ነው። ፍትሐት የሚከለከለው ለመሞት አስቦ ራሱን ለገደለ እንጂ ለመኖር አስቦ አደጋ ላይ ለወደቀ እንዳልሆነ በረጋ አንደበት አስረዳ፤ ሰውየው ሰሌዳውን ይዞ ሲወጣ ማታ እራቱን ሊበላ አስቦ እንደነበር አስታወሰ። ቁጥር 9 ዳና በሚባለው የእስልምና ትምህርት ቦታ ደረሳ (ተማሪ) የነበረ ነው። በእስልምና በውኃ የሰጠመ ከሸሂዶች (ከሰማዕታት) እንደሚቆጠር በሐዲስ መምጣቱን ጻፈ። አውቆ አደጋ ውስጥ የገባውስ ለሚለው ግን ዑለማዎች እንደሚለያዩበት፣ የሟቹን ልብ የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑን ጨምሮ አለፈ። ቁጥር 10 ከወልድያ ነው፤ ሟቹ የማንም ምእመናችን ባልሆነበት ሁለት ሊቃውንት መቀመጣቸው ገርሞታል። ገርሞት አላበቃም፤ በማግስቱ ራሱ ስለ ሥላሴ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። እሱን ልዝለለው።

ቁጥር 11 ወደ ጥያቄው መለሰን። የደቡብ ወሎ ቦረና ሰው ነው፤ ጉግስ አስታወሰ። በጥምቀት ሜዳ ፈረሰኛው ዱላ ሲወረወርበት፣ በጋሻ ሲመክት፣ አንዳንዴም ከነፈረሱ ተገልብጦ አንገቱ ይቀጫል። ድንኳኑ ሲጣል ለምን ጋለብክ ብሎ ሬሳውን የጠየቀ የለም፤ እንዲያውም ፈረሱ ከነኮርቻው በለቅሶው መካከል ይዞራል፣ ሙሾ አውራጇም ስለ ግልቢያው ነው የምታወርደው። የክሩ ከፋች ምላሽ በቁጥር 12 መጣ። ጉግስ ወግ ነው፣ ማዕበሉ ግን ከንቱ ውዳሴ ነው ባይ ነው፤ ስንፍና የሚለውን ቃልም ሳይረሳ ለቁጥር 2 መለሰለት። ለእኔ የቁጥር 11 መልስ ጥያቄውን እዚያው ዘግቶት ነበር። ወግ የሆነው ሰው ስለ ሞተበት አይደለም፤ ሰው ስለወደደው ነው፤ እነዚያም ይወዱታል።

ቁጥር 13 ደሴ የምትኖር ሴት ናት። ረጅሙን የሃዋይ ታሪክ ያመጣችው እርሷ ነች፤ ከየት እንደምታውቀው አልነገረችንም፣ የጻፈችው ግን ልክ ነው። ኤዲ አይካው በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በዋይሜያ ባሕረ ሰላጤ፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። ሌላ ሰው ወደማይገባበት ማዕበል እየገባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሞት አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሆኩሌያ በምትባል፣ በጥንታዊ የፖሊኔዥያ ታንኳ አምሳል በተሠራች ታንኳ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ታሂቲ ተነሣ፤ ታንኳዋ ገና ከሃዋይ ደሴቶች ሳትርቅ ሌሊት ተገለበጠች። ሲነጋ ኤዲ እርዳታ ላምጣ ብሎ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ ወደ ላናይ ደሴት ቀዘፈ። የቀሩት በኋላ ተርፈዋል። እርሱ 31 ዓመቱ ነበር፤ ሬሳው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በስሙ የሚደረገው ውድድር የሚካሄደው ማዕበሉ የሚፈለገውን ያህል ሲነሣ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዓመት ሳይደረግ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲደረግ ያሸነፈው በዚያ ቀን ተረኛ ነፍስ አድን የነበረ፣ ከሥራው መካከል ፈቃድ እየጠየቀ የተወዳደረ ሉክ ሼፐርድሰን የሚባል ሰው ነው። ጸሐፊዋ ስለ ክቡም ተናገረች። ክቡ የሃዋይ ሰዎች ወግ ነው፤ ሬሳው የተቃጠለ ሟች አመዱ የሚበተነውም እዚያ መካከል ነው፤ ውኃውን መምታቱና ጩኸቱ ስንብት ነው። ዘፈን የመሰለው ሰው ደረት ሲመታ ያየን ፈረንጅ ምን ሊለን እንደሚችል ያስብ አለች። ከፋቹን በስም አልጠራችም። እታለም ብሎ የጠራት ሰው ግን ክፉኛ ተገሠጸ፤ የልጅ ልጅ ያያት ሴት መሆኗን ያወቅነው በዚያ ነው።

ቁጥር 14 በዚያው አጋጣሚ ማርክ ፉን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌሊቱን ከሃዋይ በሮ ካሊፎርኒያ ማቨሪክስ የሚባለው ማዕበል ላይ ደረሰ። የገደለው ከዕለቱ ማዕበሎች ትልቁ አልነበረም። ሲወድቅ ካሜራ ቀርጾታል፤ አለመውጣቱን ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ማንም ልብ አላለም፤ በጀልባ ሲመለሱ የነበሩ ጓደኞቹ ናቸው ሬሳውን ተንሳፍፎ ያገኙት። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት። ቁጥር 15 ስለ ካሜራ ዋጋ ጠየቀ፤ መላሽ አላገኘም።

ቁጥር 16 ዝግ ያለ እጅ ነው፤ እንደሚጽፉት ከሆነ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ከኮምቦልቻ ተነሥተው በባቲ፣ በሚሌ፣ በኤሊዳር፣ በቡሬ አድርገው አሰብ ይወርዱ ነበር፤ ከማጣሪያው ነዳጅ ይጭኑ ነበር። ባሕሩን የሚያዩት ከመኪናቸው ሥር ተኝተው ነው፤ ቀን አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ ሌሊትም ላቡ አይደርቅም። አንድ ረዳታቸው ሊታጠብ ገብቶ ወገቡ ጋ ሲደርስ ሞገዱ ጎትቶ እንደጣለው፣ ዓሣ አስጋሪዎች እንዳወጡት፣ ከዚያ ወዲያ አሰብ ላይ ጫማውን እንኳ አውልቆ እንደማያውቅ ተረኩ። ስለ ብራዚላዊው የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። የባሕር ስም ሲጠራ ዝም ማለት አቅቷቸው ነው የጻፉት። ቁጥር 17 አንተ እያለ የጣሊያን መንገድ መሆኑን ሊያስተምራቸው ጀመረ፤ ሌላው ሰው ሲጠቁመው አንቱ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ መንገዱን የሠራው ማን እንደሆነ ግን መከራከሩን አላቆመም።

ከዚያ ቁጥር 18 መጣ።

ቁጥር 18 ትሕትና የለውም፣ ሰላምታም የለውም። እዚህ ተቀምጣችሁ ስለ ሃዋይ አበባ የምታወሩ ሰዎች፣ የወሎን ልጅ የበላውን ባሕር ረስታችኋል ሲል ነው የጀመረው። ታናሽ ወንድሙ ከመርሳ ተነሥቶ፣ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ጅቡቲ ኦቦክ ደርሶ፣ ከዚያ ለየመን በተነሣች ጀልባ ላይ ተሳፈረ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሉት ቅርብ ነው። ጀልባዋ ዓሣ ለማጥመድ የተሠራች ሆና ሰው እንደ ጆንያ ይደረደርባታል፤ ደላሎቹ የጠረፍ ጠባቂ ብርሃን ሲያዩ ሰዉን ከዳርቻው ርቀው ወደ ውኃ ያወርዱታል፣ ዋና የሚያውቀውም የማያውቀውም ይገባል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያን የጫነች ጀልባ የመን ውስጥ አብያን ጠረፍ አጠገብ ሰጥማ የተረፉት ጥቂት እንደነበሩ፣ ይህም የዓለም ዜና ሆኖ በሁለተኛው ቀን እንደተረሳ አስታወሰ። የእርሱ ወንድም የሰጠመባት ጀልባ ግን ለዜናም አልበቃችም። ብራዚላዊው ማዕበሉን ሊፈልግ ሄደ፤ ወንድሜ ማዕበል መኖሩንም አያውቅም ነበር አለ። ለአንዱ ዓለም ያለቅሳል፣ ለሌላው ቅሬው ይመክራል። መጨረሻው ይኸው ነው።

ቁጥር 18 በብራዚላዊው ላይ ፍትሕ አላደረገም፤ ሟች ከሟች አይወዳደርም። ነገር ግን ከብራዚላዊው ጋር እየተነጋገረ እንዳልነበር ማንም ያያል።

ከቁጥር 19 እስከ 21 ያሉት ማጽናኛ ብቻ ናቸው፤ አላህ ይዘንለት፣ ነፍስ ይማር፣ ለእናቱ መጽናናትን ይስጥልን። በዚህ መድረክ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ማጽናኛ የሚለይ የለም፤ ሁለቱንም ሁሉም ይጽፋል። ከሁሉ የቆየብኝ ግን ቁጥር 22 ነው። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የአንድ ቅሬ ዳኛ ናቸው። የቁጥር 18ን ታሪክ ባያውቁም የሚመስለውን አይተዋል። አንድ ልጅ ባሕር ላይ ቀረ የሚል ወሬ መጣ። የቅሬው ሰው እንደ ደንቡ ተሰበሰበ፤ ድንኳኑ፣ ቋሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው በጋሪ ተጭኖ ከእናቲቱ ደጅ ደረሰ። እናቲቱ በሩ ላይ ቆመው አትጥሉም አሉ። ሬሳ ያየ ሰው ካለ ይምጣ፤ ካለበለዚያ ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ። ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም፤ ይዞ መመለስም ነውር ሆነ። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ላዩ ላይ ተቀምጠው አመሹ፣ የጎረቤት ሴቶች ንፍሮ አመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ስለ ልጁ ግን አንድም ሰው ነበር የሚል ቃል አልወጣውም። ሲመሽ ድንኳኑን ወደ ግምጃ ቤት መለሱት። ከወራት በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ከሳዑዲ ደውሎ ሲሰጥም በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። ያን ጊዜ እናቲቱ ራሳቸው ለቅሬው ላኩበት። ድንኳኑ ተጣለ፤ ሳጥን የለ፣ ቀብር የለ፣ የልጁ ሸሚዝና የትምህርት ቤት ፎቶግራፉ መደብ ላይ ተዘርግቶ ለሦስት ቀን ተለቀሰ። ዳኛው የጻፉት ይህንን ብቻ ነው። ምክር አልጨመሩም።

ቁጥር 23 ሬሳ ለሌለው የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብን አነሣ። ቁጥር 9 ተመልሶ ሻፊዒዮች እንደሚፈቅዱት፣ ሐነፊዮች ግን ሬሳው ፊት ከሌለ እንደማይሰግዱ፣ ሁለቱም መዝሃብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) በወሎ ስላለ ለሐዘንተኛው የሰፈሩ ሸኽ የሚሉት ይበቃዋል አለ። ቁጥር 24 በኦርቶዶክሱ በኩል ተዝካሩ እንደማይቀር ጨመረ። ከዚያ ቁጥር 25፣ እስከዚያ ድረስ ያልጻፈ ሰው፣ ሁለቱን የክሩን ጫፎች አገናኘ። ኤዲ አይካው መቃብር የለውም፤ የቁጥር 18 ወንድምም የለውም። ውኃ ላይ የሚሠራው ክብ መቃብር ላጡ ሰዎች ሳይጠቅም አይቀርም፤ የቅሬ ዳኛው ጎረቤቶች በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ሲቀመጡ ያደረጉት ሌላ ነገር አይደለም ሲል ጻፈ። እዚህ ክር ውስጥ ብልህ የምለው ሰው እርሱ ነው። ቁጥር 18 ለእርሱ ብቻ አመሰግናለሁ ብሎ መለሰ።

ይህ ክሩን ያረጋጋው ነበር፤ ከፋቹ ግን ተመለሰ። ቁጥር 26 ላይ ርእሱ እንደተሰረቀበት፣ የጠየቀው ስለ ስደት እንዳልሆነ ጻፈ። ቁጥር 27 በጨዋ ቋንቋ የማይነገር ነገር ተናገረው። 28 እና 29 የተነሡት ናቸው፤ የቀረው ባዶ ቁጥራቸው ነው። ቁጥር 30 ለሁለቱም ወገን ሽምግልና ጀመረና ጨርሶ ሳይሸመግል ስለ ሙሾ ጠየቀ። ለባሕር ሟች ሙሾ አለ ወይ ነበር ጥያቄው። እስከ ቁጥር 34 የቅኝት ክርክር ሆነ። አንዱ በአምባሰል ነው የሚወርደው አለ፤ ሌላው ሐዘን በትዝታ እንጂ በአምባሰል አይወርድም ብሎ ተቆጣ፤ ሦስተኛዋ ሙሾ ቅኝት አይመርጥም፣ አውራጇ ያወጣችው ዜማ ነው ስትል ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው። ባቲና አምባሰል ከእኛ አገር ስለወጡ ሁላችንም የዜማ ሊቅ ነን ማለት አይደለም፤ ይህን ልናገረው ስፈልግ ቆይቻለሁ።

ቁጥር 35 እንደገና ከፋቹ ነው፤ ቁጣው በርዷል። ቁጥር 2ን ስንፍና ስላልከኝ ነው የቆየሁብህ ብሎ ጻፈለት። ቁጥር 2 ይቅርታ አልጠየቀም፤ ይልቁንም ሌላ ነገር አስረዳው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሼን ዶሪያን የተባለ ጋላቢ ማቨሪክስ ላይ ሁለት ማዕበል ከላዩ እስኪያልፍ ከውኃ በታች ቀርቶ ለትንሽ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታጨቀባት ትንሽ ጠርሙስ ያለባት፣ ገመድ ሲሳብ የምትነፋ ሰደርያ እንድትሠራ አደረገ። በዓመቱ እዚያው ሳዮን ሚሎስኪ ሰጥሞ ሲሞት የሰደርያው ጥቅም ለሁሉ ታየ፤ አሁን ትልቅ ማዕበል ላይ ያለ እርሷ የሚወጣ ጥቂት ነው። እንግዲህ በሞት የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይፈለስፍም ነው የክርክሩ ፍሬ። ክሩ ከተከፈተ ጀምሮ ከፋቹ መልስ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

መልስ ያገኘችው ቁጥር 6 ናት፤ የሐይቅ ልጅ። ሰደርያ የሚለውን ቃል ይዛ ቁጥር 37 ላይ ሌላ ነገር ከፈተች። እሑድ እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ቤተ ሰቦች በሐይቁ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸሩ የሕይወት አድን ሰደርያ የለበሰ ልጅ ማየት ብርቅ ነው አለች። ባለ ጀልባው ሁለት ሦስት ይኖረዋል፤ እነሱም ለትልቅ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ሕፃን ሲለብሳቸው ውኃ ላይ አንገቱን አልፈው ይወጣሉ። ቁጥር 38 ሰዉ ራሱ ክብደቱን አልወድም ብሎ እንደሚያወልቀው ተናገረ። ቁጥር 39 መንግሥት የት አለ አለ፤ ይህ በየክሩ የሚገኝ መልስ ነው። ቁጥር 40 ሐይቅ ከተማ ያሉ ቅሬዎች ተባብረው የሕፃናት ሰደርያ ገዝተው ለጀልባዎቹ እንዲያከራዩ ሐሳብ አቀረበ፤ ገቢውም ወደ ቅሬው ይገባል። ቁጥር 41 የቅሬ ገንዘብ ለሞት እንጂ ለሽርሽር አይወጣም ሲል ተቃወመ። ቁጥር 42 የቅሬ ዳኛው ናቸው። የእነርሱ መተዳደሪያ ደንብ ቅሬው ንብረት እንዲገዛ እንደሚፈቅድ፣ ድንኳንና ድስት የገዙትም በዚሁ አንቀጽ መሆኑን፣ ነገር ግን ዋጋው በወረቀት ካልቀረበ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚያነሡት ነገር እንደማይኖር አስታወቁ። ለአንድ ልጅ መጠን ስንት ብር እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የሚመጣው፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ጠየቁ።

ቁጥር 43 የጂኦግራፊው መምህር ናቸው። ሰደርያው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ እንደሚለካ አስታውሰው፣ ልጆቹ አስቀድመው በሚዛን እንዲለኩ መከሩ። ዋጋ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልጻፈም።